መንኮራኩሩን የት ይያዙት? የብስክሌት ፍሬን የሁለት መቶ ዓመታት ጉዞ

በእንግሊዝ አገር መንገዶች ዳር ከተተከሉት ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ቀደምቶቹን ያቆመው መንግሥት አይደለም፤ ባለመኪኖችም አይደሉም። ያቆሟቸው ብስክሌተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መገባደጃና በ1880ዎቹ፣ መኪና ገና መንገድ ላይ ሳይወጣ፣ የብስክሌት ማኅበራት ሰሌዳ እያሠሩ ቀጥ ባሉ ቁልቁለቶች አናት ላይ ይተክሉ ነበር። ሰሌዳው ለብስክሌተኛው የሚነግረው፣ ከፊቱ ያለው ቁልቁለት አደገኛ መሆኑን ነው። አስተዋይ ሰው እዚያ ሲደርስ ወርዶ፣ ብስክሌቱን እየደገፈ፣ በእግሩ ይወርዳል።

እነዚያ ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም። የሚያስተማምን ፍሬን ግን አልነበራቸውም።

የብስክሌት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ የማን ብስክሌት ቀለለ። ፍሬን በሁለት መስመር ይታለፋል። እኔ ግን ብስክሌትን የሕዝብ መጓጓዣ ያደረገው መቆም መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ። እናት ልጇን ከኋላዋ አስቀምጣ፣ ተማሪ ደብተሩን ይዞ፣ ነጋዴ ሸቀጡን ጭኖ መንገድ ላይ ለመውጣት የሚደፍሩት፣ በፈለጉበት ቦታ እንደሚቆሙ ሲተማመኑ ነው። እናም ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሠሪዎቹን ሐሳብ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚሽከረከረውን መንኮራኩር የት ላይ ይያዙት? ከጎማው ላይ? ከቸርኬው ላይ? ወይስ ከመሃሉ፣ ከሞዞው? ዛሬ ገበያ ላይ የምናያቸው የፍሬን ዓይነቶች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጡ መልሶች ናቸው። መልሱ ሲለወጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተለወጠው ብስክሌቱ ራሱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማንኪያው ዘመን

ጁን 12 ቀን 1817 ጀርመናዊው ባሮን ካርል ፎን ድራይስ ሁለት መንኮራኩር ባለው የእንጨት መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ከማንሃይም ከተማ ወጣ። መሣሪያው ፔዳል የለውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነው የሚሄደው። ለመቆምም እግሩ ሊበቃው ይችል ነበር። ድራይስ ግን ገና ከጅምሩ የኋላውን መንኮራኩር የሚይዝ፣ በገመድ የሚሳብ ፍሬን ገጠመለት። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ፍሬን ከፔዳል በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ይቀድማል።

በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ፒየር ሚሾ ከፊተኛው መንኮራኩር ጋር የተያያዘ ፔዳል ያለው ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ የነጂው እግር ከመሬት ተነሣ፤ የፍሬን ጉዳይም ያኔ ከረረ። በሚሾ ብስክሌት ላይ መሪው ራሱ ይጠመዘዛል። ነጂው እጀታዎቹን ሲያዞር በመሪው ላይ ገመድ ይጠቀለላል፣ ገመዱ ከኋላ ያለውን ማንሻ ይስባል፣ ማንሻው ደግሞ አንድ ቁራጭ ብረት በኋለኛው መንኮራኩር ላይ ይጭናል። መንኮራኩሩ በብረት የተለበጠ እንጨት ስለነበር ብረት ከብረት ይፋተጋል። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ የማቆም ኃይሉ ግን ያን ያህል አልነበረም።

ቀጥሎ የረጃጅሞቹ ብስክሌቶች ዘመን መጣ። በኮቨንትሪ ከተማ እነ ጄምስ ስታርሊ የፊተኛውን መንኮራኩር እያሳደጉ፣ የኋላውን እያሳነሱ ሄዱ። ፔዳሉ ከመንኮራኩሩ ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ አንድ ጊዜ ሲረገጥ መንኮራኩሩም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ፍጥነት የፈለገ መንኮራኩሩን ማሳደግ ነበረበት። የፊቱ ጎማ ከአዋቂ ሰው ደረት እስኪደርስ ድረስ ተለቀ። ጎማው ድፍን ላስቲክ ነው። ፍሬኑ ከመሪው ሥር የተንጠለጠለ፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ነበር፤ በቅርፁ ምክንያት የማንኪያ ፍሬን ተባለ። ነጂው ማንሻውን ሲጨብጥ ማንኪያው ወርዶ ላስቲኩን ከላይ ይጫነዋል።

አሁን ነጂው የት እንደሚቀመጥ እንመልከት። ኮርቻው ያለው በዚያ ትልቅ መንኮራኩር አናት ላይ፣ ከእምብርቱ ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ብሎ ነው። ማንኪያውን አጥብቆ ከጫነ መንኮራኩሩ ይቆማል፤ የሰውየው ገላ ግን ወደ ፊት መሄዱን አይተውም። የኋላዋ ትንሽ ጎማ ከመሬት ትነሣለች፣ ብስክሌቱ በፊተኛው መንኮራኩር ላይ ይገለበጣል፣ ሰውየው በአናቱ ይተከላል። እግሮቹ ከመሪው ሥር ስለሚያዙ ዘሎ ማምለጥ እንኳ አይችልም። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ለዚህ ያገኙት መላ፣ ረጅም ቁልቁለት ሲጀምር ሁለቱንም እግሮቻቸውን ከመሪው በላይ አሳልፈው ወደ ፊት መዘርጋት ነበር። ከተወረወሩ በእግራቸው እንዲያርፉ።

ስለዚህ የዚያ ዘመን ፍሬን ደካማ የሆነው ሠሪዎቹ ጠንካራ ፍሬን ማበጀት ተስኗቸው አይደለም። ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ሰው ይገድል ነበር። የብስክሌቱ ቁመና ራሱ ደህና ፍሬን አይችልም። ቶማስ ስቲቨንስ የፊት መንኮራኩሩ 127 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብስክሌት ይዞ በኤፕሪል 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ፤ በዲሴምበር 1886 ዮኮሃማ ሲደርስ ዓለምን በብስክሌት በመዞር የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የሴራ ኔቫዳን ተራሮች፣ ባልካንን፣ ፋርስን ያቋረጠው ይህ የመገልበጥ አደጋ በየቁልቁለቱ ከፊቱ እየቆመ ነው። ያንን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት በጣም ይጨምራል።

መፍትሔው ከብስክሌቱ ቁመና መጣ። በ1885 የጄምስ ስታርሊ የወንድም ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ። ሁለቱ መንኮራኩሮች ተቀራራቢ መጠን አላቸው፤ ፔዳሉ በሰንሰለት የኋላውን ያዞራል፤ ነጂው በሁለቱ መሃል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ዛሬም ድረስ የምንነዳው ያንን ነው። ነጂው ወደ ኋላና ወደ ታች ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቆ የሚይዝ ፍሬን መግጠም የሚቻል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ በልጅነት የተነገረንን ነገር ላንሣ። ብስክሌት ስንማር፣ የፊቱን ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል ይሉናል። ምክሩ የረጃጅሞቹን ብስክሌቶች ፍርሃት ይዞ የቀረ ይመስለኛል። በዛሬ ብስክሌት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሸሻል፤ የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ የኋላው ይቀልና መንሸራተት ይጀምራል። በደረቅ አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን ከኋላው እጥፍ ገደማ የማቆም አቅም አለው። አደጋው ያለው በድንገት ሙጭጭ አድርጎ በመያዝ፣ በአሸዋ ላይና በመታጠፊያ ላይ በመያዝ ነው። ልጆቻችንን የፊቱን እንዳይነኩ ከማስፈራራት፣ ገላቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቀስ በቀስ እያጠበቁ እንዲይዙት ብናስተምራቸው ይሻላል።

ጎማው ሲነፋ

ማንኪያውን የገደለው ጆን ቦይድ ዳንሎፕ ነው። በቤልፋስት ይኖር የነበረው ይህ የእንስሳት ሐኪም በ1888 አየር የሚነፋበትን ጎማ አስመዘገበ። ጎማው ለመንገድ ተስማሚ፣ ፈጣንና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ስስ ነው። ከላይ የሚጫን ብረት ይፍቀዋል፤ ጎማው ከመንገድ ያነሣውን ጠጠር ማንኪያው መልሶ ይደፈጥጥበታል። ዛሬ አንድ ጎማ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ አንባቢ፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጎማውን የሚበላ ብስክሌት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ማንኪያው ወዲያው አልጠፋም፤ ዕድሜው ግን ተቆጥሮ ነበር። ከጎማው ሌላ መያዣ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ እንግዳ ጊዜ አለ። በ1890ዎቹ ብዙ ብስክሌተኞች ጭራሽ ያለ ፍሬን ይነዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ከመንኮራኩሩ ተለይቶ አይቆምም፤ መንኮራኩሩ እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። ነጂው ለማቆም እግሮቹን ከዙሩ ተቃራኒ ይገፋል። አኒ ለንደንደሪ በሚል ስም የታወቀችው ሴት በ1894 ዓለምን ልትዞር ከቦስተን ስትነሣ የያዘችው ብስክሌት 19 ኪሎ ይመዝን ነበር። ቺካጎ ላይ ግማሹን ያህል በሚመዝን የወንዶች ብስክሌት ለወጠችው፤ ያ ቀላል ብስክሌት ፍሬን አልነበረውም። ለቅልጥፍና ሲባል መጀመሪያ የሚጣለው ዕቃ ፍሬን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ፔዳሉን አቁሞ መንከባለል የሚያስችለው ነጻ ጥርስ ተስፋፋ፤ እግርን የሚያሳርፍ ግሩም ፈጠራ ነው። ዳሩ ግን ነጂው በእግሩ የማቆም ችሎታውን በዚያው አጣ። የአሜሪካ ሠሪዎች በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ኧርንስት ዛክስ ደግሞ በ1903 ቶርፔዶ በተባለው ሞዞው መልስ አቀረቡ። ፔዳሉን ወደ ፊት ስትረግጠው ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ስታቆመው ይንከባለላል፤ ወደ ኋላ ስትረግጠው ይቆማል። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በሞዞው ውስጥ ነው። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲገፋ በውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ አንድ ሾጣጣ ብረትን ወደ ጎን ይነዳል፤ ሾጣጣው የፍሬን ቁርጥራጮቹን ከውስጥ ወደ ውጭ ይከፍታቸዋል፤ እነሱም የሞዞውን ግድግዳ ይይዛሉ። ዝናብ አይነካውም፣ ጭቃ አይገባበትም፣ የሚበጠስ ሽቦ የለውም፣ እጅ ነጻ ነው። በሆላንድና በጀርመን ከተሞች፣ በልጆች ብስክሌት ላይም በመላው ዓለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎ ዛሬም አለ።

ሁለት ጉድለት ነበረበት። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ሙቀቱ ሞዞው ውስጥ ይታፈናል። ይህ ሁለተኛው ጉድለት በሜዳ አገር ለሰባ ዓመት ያህል ማንንም ብዙ ሳያስቸግር ቆየ።

ዘንግና ሽቦ

ቸርኬን የመያዝ ሐሳብ አዲስ አልነበረም፤ ብራውትና ሃሪሰን የተባሉ እንግሊዛውያን በ1876 ቸርኬውን በሁለት ጎን የሚቆነጥጥ ፍሬን አስመዝግበዋል። የተቸገሩት የእጅን ኃይል ከመሪው እስከ መንኮራኩሩ በማድረሱ ላይ ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ ተገኘ።

አንደኛው የብረት ዘንግ ነው። አባቶቻችን የሚያውቁትን ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀጥ ብለው የሚነዱትን ብስክሌት አስታውሱ። ከመሪው ሥር ከእጀታው ጋር ትይዩ የሄደ ማንሻ አለ። ሲጨበጥ በመሪው ግንድ ላይ የወረደውን ዘንግ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ዘንጉ ከታች በጎማው ግራና ቀኝ የሚወርድ ቅስት ይዟል፤ በቅስቱ ጫፎች ላይ ያሉት ሁለት የፍሬን ጎማዎች ከቸርኬው የውስጥ ፊት፣ ማለትም ሽቦዎቹ ከሚገቡበት በኩል፣ ወደ ላይ ይጫናሉ። ለኋላው ደግሞ ዘንጎቹ በየመታጠፊያው በትንንሽ ክንዶች እየተቀባበሉ እስከ ኋላ ይደርሳሉ። እንግሊዞች ያስፋፉት ይህ ብስክሌት በ1950 ቲያንጂን ላይ ፍላይንግ ፒጅን ተብሎ በቻይና፣ እንዲሁም በሕንድ ፋብሪካዎች ተባዝቶ እስያንና አፍሪካን አዳረሰ። በእኛም ሜዳማ ከተሞች ሥራ ሠርቷል። ዘንግ አይላላም፣ አይበጠስም ማለት ይቻላል፤ ቢጎብጥም ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በመዶሻ ያቃናዋል። መለዋወጫ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጠላቱ ዝናብ ነው። የእነዚያ ብስክሌቶች ቸርኬ ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ብረት ነበር። ውሃ ሲያገኘው ለስላሳው ፊት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የፍሬኑ ጎማ በዚያ ላይ ይንሸራተታል። ነጂው ማንሻውን ጨብጦ ጥቂት ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ውሃው ሲጠረግ ነው ፍሬኑ የሚነክሰው። እንግሊዝ ውስጥ ይህን ለማሻሻል ፊቱ በቆዳ የተለበጠ የፍሬን ጎማ እስከ መሥራት ተደርሷል። ነሐሴ ላይ የድሮ ብስክሌት የነዳ ሰው ያንን ባዶ ቅጽበት ያውቀዋል። በመጨረሻ ጉዳዩን የፈታው የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው፤ ሲረጥብም ከብረቱ በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ካቦው ነው። አየርላንዳዊው ኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን በ1896 ያስመዘገበው ይህ ፈጠራ በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ እንደ ፈጠራ አይታይም። ተጠምዝዞ የተሠራ ሽቦ ከውጭ በጠመዝማዛ ብረት ሽፋን ውስጥ ያልፋል። ሽፋኑ ይጎብጣል፣ ግን አያጥርም፤ ሁለቱም ጫፎቹ የሚደገፉበት ቦታ አላቸው። ስለዚህ ሽቦውን በአንድ ጫፍ በሳብነው ልክ በሌላኛው ጫፍ ይሳባል፤ በመሃል መሪው ቢዞር፣ ካቦው በክፈፉ ዙሪያ ቢጠማዘዝ ለውጥ የለውም። ዘንግ ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል፤ ካቦ ግን እንደ መንገዱ ይሄዳል። ሞተር ብስክሌቱ፣ መኪናው፣ አውሮፕላኑ ሁሉ ከዚህ ተጠቅመዋል። በብስክሌት ዓለም ከተፈጠሩት ነገሮች ብዙ ሰው ሳያውቀው በየቀኑ የሚጠቀምበት ይህ ነው እላለሁ።

ካቦው ከተገኘ በኋላ ቸርኬን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጡ ፍሬኖች ተበራከቱ። በፈረንሳይ የማፋክ፣ በጣሊያን የካምፓኞሎ ሥራዎች የእሽቅድምድሙን ዓለም ያዙት። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የእነሱ ዘመን የጎዳና እሽቅድምድም ብስክሌት ፍሬን ይኸው በካቦ የሚሳብና ቸርኬ የሚቆነጥጥ ነው።

የተቃጠለው ግሪስ

አሁን ወደዚያ ወደታፈነው ሙቀት እንመለስ። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ከምትባለው ከተማ አጠገብ አንድ የተራራ መንገድ አለ፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም ባልራቀ ርቀት 400 ሜትር ያህል ወደ ታች ይምዘገዘጋል፤ አስፋልት የለውም። ኦክቶበር 21 ቀን 1976 የአካባቢው ወጣቶች እዚያ ሰዓት ይዘው መወዳደር ጀመሩ። ከመካከላቸው ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቻርሊ ኬሊ ነበሩ። የሚነዱት ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ወፋፍራም ጎማ ያላቸው፣ በርካሽ የተገዙ አሮጌ ብስክሌቶች ናቸው። አብዛኞቹ የኋላ ፍሬን ብቻ አላቸው፤ ያውም በፔዳል የሚያዘው።

በአምስት ደቂቃ ገደማ ታች ሲደርሱ ከሞዞው ጭስ ይወጣል። በውስጡ ያለው ግሪስ ነድዶ አልቋል። ሌላ ጊዜ ከመውረዳቸው በፊት ሞዞውን ፈትተው፣ የተቃጠለውን ጠርገው አዲስ ግሪስ መሙላት ነበረባቸው። መንገዱም ሪፓክ፣ በእንግሊዝኛ እንደገና መሙላት፣ ተብሎ የተጠራው ከዚሁ ሥራ ነው። ቀጥለው ከሁለት ሰው ብስክሌት የተወሰደ የታምቡር ፍሬን፣ የሞተር ብስክሌት የፍሬን ማንሻ፣ ያገኙትን ሁሉ መግጠም ጀመሩ። ዛሬ የተራራ ብስክሌት የምንለው ከዚህ ሙከራ ወጣ። የብዙዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ትኩረት በወፋፍራሞቹ ጎማዎች ላይ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ያ ጭስ ነው፤ ወጣቶቹን ብስክሌቱን አካል በአካል እንዲለውጡ ካስገደዷቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነውና።

ሙቀቱ ስንት ነው? ከእኛው አገር ቁጥር እንውሰድ። ብስክሌቱን ጨምሮ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከእንጦጦ አናት ተነሥቶ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ወደሚለው የከተማው ክፍል ቢወርድና ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ ቢቆጣጠር፣ ፍሬኖቹ 470 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ በጀበና አፍልቶ ቡና ለማቅረብ የሚበቃ ነው። እርግጥ ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ግን አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ የትኛውም ፍሬን የሚመዘነው ያንን ሙቀት የት እንደሚያደርሰው ነው።

የቸርኬ ፍሬን ሙቀቱን በሰፊ ቀለበት ላይ ይበትነዋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀለበቱ ላይ የተቀመጠው ጎማ ነው። በእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማው በማጣበቂያ ከቸርኬው ጋር ሲያያዝ፣ በረጅም ቁልቁለት የሚግለው ቸርኬ ማጣበቂያውን ሊያላላው ይችላል። ጁላይ 14 ቀን 2003 በቱር ደ ፍራንስ፣ ወደ ጋፕ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ሬንጁ በፀሐይ በቀለጠበት መታጠፊያ ስፔናዊው ሆሴባ ቤሎኪ ፍሬን ያዘ፤ የኋላ ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተ፣ ጎማው ከቸርኬው ወጣ፣ እሱም ወድቆ ጭኑን፣ ክርኑንና የእጁን አንጓ ተሰበረ። ሬንጁ፣ ፍጥነቱና ሙቀቱ ተደራርበው የመጡበት አደጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የካርቦን ቸርኬ ሲስፋፋ ችግሩ ባሰ፤ ካርቦን ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፣ ሲግልም ይለሰልሳል።

በተራራ ብስክሌት በኩል የጃፓኑ ኩባንያ ሺማኖ በ1996 ረጃጅም ክንዶች ያሉትን ቪ-ብሬክ አወጣ። ኃይለኛ፣ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ በሚሸጡ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የምናገኘው እሱን ነው። ጭቃ የለበሰውን ቸርኬ ግን እሱም መያዝ አለበት፤ ቸርኬው ከተጣመመም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ወደ ሞዞው መመለስ ግድ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሥራውን ከሞዞው ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አደረጉት። ከሞዞው ጎን ስስ የብረት ዲስክ ይታሰራል፤ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጡታል። ዲስኩ ከመሬት ስለራቀ ጭቃና ውሃ ብዙም አይደርስበትም። ቢግልም ጎማውን አያሞቅም። ዲስኩ ከቸርኬው በብዙ ስለሚያንስ እጅግ አጥብቆ መቆንጠጥ ይጠይቃል፤ ያንን ኃይል በተሻለ ሁኔታ የሚያደርሰው በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚገፋ ዘይት ነው። በካቦ የሚሠራም አለ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጥገናውም ይቀላል።

የጎዳና እሽቅድምድም ዓለም ግን ለዓመታት አልቀበልም አለ። ክብደት ይጨምራል፣ ጎማ ለመቀየር ጊዜ ይፈጃል፣ ተፎካካሪዎች ተደራርበው ሲወድቁ ዲስኩ ሥጋ ይቆርጣል ተባለ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የጀመረውን የዲስክ ፍሬን ሙከራ በኤፕሪል 2016 አቋረጠ፤ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ቬንቶሶ ከፓሪ-ሩቤ ውድድር በኋላ እግሬን የቆረጠኝ ዲስክ ነው ብሎ በግልጽ ደብዳቤ ስለጻፈ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ መቀሌ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሙከራው በተቋረጠበት ወቅት ስለሆነ እሱም ሆነ ተፎካካሪዎቹ እነዚያን የአልፕስና የፒረኒስ ቁልቁለቶች የወረዱት በቸርኬ ፍሬን ነው። ሙከራው በዓመቱ ቀጠለ፤ በ2017 ማርሴል ኪተል ሊዬዥ ላይ በዲስክ ፍሬን የቱርን አንድ ዙር አሸነፈ፤ ከጁላይ 2018 ጀምሮ ዲስክ ያለ ገደብ ተፈቀደ። ኤጋን በርናል በ2019 ቱርን ሲያሸንፍ ገና በቸርኬ ፍሬን ነበር። ዛሬ በዚያ ደረጃ ዲስክ ያልገጠመ ብስክሌት ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ ለእኛ የትኛው ይሻላል? ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ ቪ-ብሬክ ከበቂ በላይ ነው፤ ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል፣ ሽቦውም በየሱቁ አለ። አዲስ አበባ ግን ተዳፋት ናት። የብስክሌት መስመር የተሠራላቸው ጎዳናዎች በበዙ ቁጥር ዳገትና ቁልቁለት የሚነዳው ሰው ይጨምራል፤ ክረምቱም አለ። ለዚህች ከተማ ዲስክ ይገባታል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። መለዋወጫና ባለሙያ በቀላሉ ለማይገኝለት ሰው በካቦ የሚሠራው ዲስክ ይበቃዋል።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይይ። የቸርኬ ፍሬን ከሆነ ፍሬኑ የሚይዝበትን የቸርኬ ጎን በጣቱ ይዳብስ፤ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከሆነ ብረቱ ሳስቷል፣ ጎማ ሲነፋበት ሊፈነዳ ይችላል፣ ቸርኬው መለወጥ አለበት። ካቦ ከሆነ ማንሻው ላይ ያለውን የሽቦውን ጫፍ ይመልከት፤ አንድ ክር ከተበጠሰ ቀሪው ብዙ አይቆይም። የዘይት ዲስክ ከሆነ ደግሞ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚወስድ በማንሻው ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ይፈልግ። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪና የፍሬን ዘይት ከተጨመረባቸው ውስጡ ያሉት ላስቲኮች ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ይበላሻል። ዘይቱ ሁሉ አንድ ነው የሚል ጠጋኝ ካጋጠመው ብስክሌቱን ይዞ ወደ ሌላ ይሂድ።